የጋሽ ቱፋ ባዶ ቤት

ነርሷ ሳምራ አቅሟ የሚፈቅደውና ከሆስፒታሉ በእግር የማያርቅ ቤት ፍለጋ አሰላን እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። በመጨረሻ ደላላው ጋሽ ቱፋ አንድ አገኙላት። በሩ በጓጉንቸር ተቆልፎ እያየች፣ ልማድ ሆኖባት «ቤቶች!» አለች።

«ደጆች!» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

«ጋሽ ቱፋ፣ ሰው አለበት እንዴ?»

«ኧረ ባዶ ነው፣ ልጄ!» ብለው ሳቁና ከፈቱላት። እውነትም ባዶ ነበር፤ ወለሉ መሃል ከወደቀ መጥረጊያ በቀር ምንም የለም። የሰማችው የጭላሎ ተራራ ነፋስ ነው ብላ ቤቱን ገዛችው።

በገባች ማግስት ረፋዱ ላይ ብቻዋን ቤቱን ስትጠርግ፣ ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ሰማች።

«ደጆች!» አለች ቀና ሳትል።

«ጋሽ ቱፋ፣ ሰው አለበት እንዴ?»

የገዛ ራሷ ድምፅ ነበር።

«ኧረ ባዶ ነው፣ ልጄ!»

ሳቅ ተከተለ። ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል፣ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።