ጨው ሲግል

ጥፊው ሜቲን ከወንበሯ አሽቀንጥሮ ግድግዳው ሥር ጣላት።

"ምድጃውን ንቀዪው አልኩሽ!"

ፀሐዬ ግቢው ውስጥ ከፊት ለፊቷ ብየዳ የሚሠራ ጎረቤቷ ነው። ቆጣሪያቸው አንድ ነው፤ የእሷ ምድጃና የእሱ ማሽን አብረው ሲሠሩ መብራቱ ድርግም ይላል። ዛሬ ብቻ የጠፋውን መብራት ሦስቴ መልሶታል፤ ዛሬውኑ የሚያስረክበው የብረት በር ግን ገና ግማሹም አልተበየደም።

"ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ! በድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ሌላ የለኝም፤ እባክዎ!"

ምድጃው ውስጥ፣ በጡብና በአሸዋ መሀል፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ክሪስታል በሁለት ሽቦ ተይዛለች። ጨው ናት። ሜቲ አራት ወር ሙሉ ጠብታ በጠብታ አሳድጋታለች። ቀዝቃዛ ጨው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ቻርጅ ግን ያቁራል። ሲግል ተቆላልፈው የነበሩት አየኖች፣ ቻርጅ የተሸከሙት ቅንጣቶቹ፣ መላወስ ይጀምራሉ፤ የሚያቁረውም ይጨምራል። በስንት እንደሚጨምር በየአሥር ዲግሪው እየጻፈች ነበር። ሰኞ ለመምህሯ ካላሳየች ማስተርሷ ለከርሞ ያድራል። ሙቀቱ ሁለት መቶ አርባ ደርሷል።

"ለጨው!" አለ ፀሐዬ። "ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው፣ ለጨው!"

ሶኬቱን ሊነቅል ሲያጎነብስ የእጁን አንጓ ነከሰችው። ደሙ አፏን ሲሞላው እንኳ አልለቀቀችም። ጸጉሯን ጨብጦ ግንባሯን ከበሩ መቃን ጋር አላተመው፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ። ሲለቃት ምድጃውን በእርግጫ አለው።

ምድጃው ተንጋደደ፤ ገመዱ ከሶኬቱ ተመዞ ወጣ። የላይኛው ጡብ ወደቀ፤ የጋለው አሸዋ ተዘርግፎ፣ ሸበጥ ብቻ ያጠለቀው እግሩ ላይ ፈሰሰ። ከአስፋልቱ "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!" የሚለውን የታክሲ ረዳት ድምፅ የፀሐዬ ጩኸት ዋጠው።

ሜቲ በእንብርክኳ ቀና አለች። ሽቦዎቹ ክሪስታሏን አልለቀቋትም። በባትሪ የሚሠራው መለኪያም እየቆጠረ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ። ቅንድቧ ላይ የወረደውን ደም በክንዷ ጠርጋ ጻፈች። ሁለት መቶ ሃያ። ጻፈች። የቻርጁም ቁጥር በወጣበት መንገድ እየወረደ ነው፤ ይህን ደግሞ እስከዛሬ አላየችውም። ሁለት መቶ አሥር። ጻፈች።

ጧ! ክሪስታሏ ለሁለት ተሰነጠቀች። መለኪያው ላይ የነበረው ቁጥር ጠፋ።

ያኔ ነው የሰማችው።

"ሜቲ... ውኃ... ልጄ፣ ውኃ..."

ሲጠራት ቆይቷል። ድምፁ ሰልሏል። ውኃ የሞላው ጄሪካን ደግሞ ከክርኗ ሥር ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ይደርስ ነበር።

ብድግ አድርጋ እግሩ ላይ ደፋችው። አሸዋው ተንሿሿ፤ ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ። "አይዞዎት፣ ጋሼ፣ አይዞዎት" እያለች ሸበጡን ልታወልቅለት ሳብ ስታደርገው፣ ቆዳው አብሮ መጣ።