ድምፅ የሌለው ፎርክሊፍት

"ድምፅ የሌለው ነገር ጉልበት የለውም!" ይላሉ ሰብሳቢው ጋሽ ገበየው፣ የኤሌክትሪኩን ጆንያ ማንሻ ፎርክሊፍት ጎማ በጫማቸው ጫፍ እየነካኩ። "ናፍጣው ሲነሳ አረካ ድረስ ይሰማል። ማሽን ማለት እሱ ነው!"

የዝንጅብል መጋዘናችን ግዢ ኮሚቴ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ዳልጮ ናፍጣውን አሁን ሞክሮ ነው የወረደው፤ ኮሚቴው በጭሱ እየሳለ አጨብጭቦለታል።

አስመጪው ሁለቱንም ለሙከራ አምጥቷል። አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይመለሳል። ናፍጣው ከቀረ ሥራው የዳልጮ ነው። ኤሌክትሪኩ ከቀረ የእኔ፤ ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ ብቻ ነኛ።

"እኔስ ሳልሞክር?"

"ትርፌ፣ ቃለ ጉባኤው ለናፍጣው ተጽፏል እኮ" ትላለች ጸሐፊዋ ሜላት። "የቀረው መዝጊያ ጸሎትና ፊርማ ነው።"

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸሐዬ ሊጸልዩ ይነሳሉ። እሳቸው ጸሎት ከያዙ ቦምቤ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ዓይን ሁሉ ይጨፈናል።

የእኔ አይጨፈንም። ይቅር በለኝ ጌታ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ዘልዬ እወጣለሁ፤ ቁልፉን አዞራለሁ። ከትንኝ የበለጠ ድምፅ የለውም። ሽማግሌው ስለ ዝናቡ ሲለምኑ ሹካዎቹን ጆንያ ከተደረደረበት የእንጨት ፓሌት ሥር እሰዳለሁ። ስለ መንገዱ ሲለምኑ ሃያ ጆንያ ዝንጅብል ከመሬት ይነሳል። ልቤ ከጆንያው በላይ ወጥቷል!

"አዎ ጌታ! አዎ ጌታ!" ይላል ኮሚቴው። እኔም እላለሁ፣ ከአንጀቴ። ኦቶና ሆስፒታል ለተኙት ሕሙማን ሲደርሱ ፓሌቱ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ጉብ ብሏል።

ወደ ኋላ ስመለስ አንድ የተከፈተ ዓይን አያለሁ። የዳልጮ ነው፤ ግራው።

"...በኢየሱስ ስም፣ አሜን!"

ጋሽ ገበየው ወለሉን ያያሉ። ባዶ ነው። ቀና ይላሉ።

"እንዴ! ይሄ መቼ ወጣ?"

"አሁን፣ ጋሼ።"

"እኔ እዚሁ ቆሜ? ኮሽ ሳይል?" ኤሌክትሪኩን ይዞሩታል፤ መሪውን ይዳብሳሉ፤ እንደ ልጅ ይስቃሉ። "ኧረ ጉድ ነው! ሜላት፣ ናፍጣ የሚለውን ሰርዢው! ሰርዢው ነው የምልሽ!"

"ጋሼ፣ ኧረ ይስሙኝ!" ዳልጮ ይጮኻል። "ስንጸልይ እኮ ነው የነዳችው! ጆንያው ሲነሳ በዓይኔ በብረቱ..."

ሽማግሌ ጸሐዬ ቀስ ብለው ወደ እሱ ይዞራሉ።

ዳልጮ አንገቱን ደፍቶ ሁለቱንም ዓይኖቹን ይጨፍናል።