ይውጣልዎት

«አሁን ዓይንዎን ጨፍነው በረጅሙ ይተንፍሱ» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ።

አሰፋች ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እንዲያውም አፈጠጠችበት። ጢሙ በወጉ ያልበቀለ፣ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ የደፋ፣ ከኋላው የተተኮሰ መጋረጃ የሰቀለ ልጅ ነው። እሷን መተንፈስ ሊያስተምራት! ልጇን ላቀውን በጀርባዋ አዝላ በረሃውን አቋርጣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስትገባ ማን አስተንፍሷት ነበር?

ይህን ጉድ ያመጣችባት ትህትና ናት፣ የልጇ የላቀው ሚስት። ጭንቀት ላለበት፣ ጦርነት ላየ፣ ቤቱ ለታመሰበት ሁሉ በስልክ የሚያማክር ድርጅት አለ ብላ ተመዘገበች። ሦስት ጊዜ ብቻዋን አወራች። በአራተኛው ልጁ አማትሽም ይገኙ አለ ተባለ፤ አሰፋችም ከምራቷ ጎን በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ አንገረቡ ላይ ተቀመጠች። የተቀመጠችውም ልጁን በዓይኗ አይታ ልትንቀው ነው።

ልጁ መጀመሪያ ሌላ ሰው የማይሰማበት ጸጥ ያለ ክፍል ያስፈልጋል አለ። አሰፋች ሳቀች። ግድግዳው የማሽላ አገዳ ነው፤ ከወዲያ ግቢ ያስነጠሰውን ከወዲህ ይማርህ ይሉታል። ትህትና ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ አሰፋችን ስለ ላቀው ጠየቃት። መንገር ካልቀረ ነገረችው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከረዳቱ ጋር ከዶካ ሰሊጥ ጭኖ ወጣ፤ ጦርነቱ መንገድ ላይ ደረሰበት፤ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ድምፁ የለም። ልጁ አንገቱን ዘመም አድርጎ በጣም ከባድ ነው አለ። አልቅሰው ያውቃሉ ወይ ብሎም ጠየቃት። አላለቀስኩም ስትለው የሆነ ነገር ጻፈ።

«እናቴ፣ የታመቀ ነገር ይጎዳል» አላት። «አልቅሰው ይውጣልዎት።»

አሰፋች አንጀቷ አረረ። ምን ያውቃል ይሄ! እዚህ ሰፈር በጠራራ ፀሐይ ከቤት ለቅሶ ከተሰማ መርዶ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ጎረቤቱ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፤ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ድንኳን ይተከላል፤ አለቀ፣ ሰውየው ሞቷል። ማንም አየሁት፣ ቀበርኩት ባላለበት ልጇን በገዛ ዕንባዋ ትግደለው? እሷም ያላለቀሰችው፣ ይችንም ልጅ ትንፍሽ እንዳትል የከለከለቻት ለዚህ ነው። ትህትና ትራስ ነክሳ ስትንሰቀሰቅ በሰማች ቁጥር ተነስታ ታዋርዳታለች፣ ሟርተኛ እያለች ትሰድባታለች። ቤቱ የታመሰው በዚህ ነው። ልጁ ደግሞ በሁለታችሁ መካከል የመግባባት ክፍተት አለ ይላል።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው ሂድና እሷን አስለቅሳት።»

ልጁ ደነገጠና ወደ ትህትና ዞረ። አንቺስ አሁን ምን ይሰማሻል አላት። አይ ጥያቄ! ትህትና ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ዋይታ ነበር። ዓመት ከአራት ወር ትራስ ውስጥ ስትደብቀው የኖረችው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። አሰፋች አፏን ልታፍናት ተንደረደረች፤ ልጅቷ እጇን ገፍትራ ባሰባት። ስልኩ ከአንገረቡ ወደቀ። ልጁ ከመሬት ሆኖ ጎበዝ፣ ጥሩ ነው፣ አታቋርጪው ይላል።

ከወዲያ ግቢ ሲወቀጥ የነበረው ሙቀጫ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተገፋ። ጎረቤቷ ዘሐራ የተከናነበችውን ቶቧን እየጎተተች ገባች፤ ከኋላዋ ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱም ኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ገብረሚካኤል ኮፍያውን በእጁ ይዞ። አንዳቸውም ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። ዘሐራ መሬት ተቀምጣ ትህትናን አቀፈቻትና አብራት ማልቀስ ጀመረች።

መሀል ቤት የቆመችው አሰፋች ደሟ ፈላ። ሥራ ፈቶች! ለቅሶ ካገኙ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ልታባርራቸው እጇን አነሳች። ውጡልኝ፣ ማንም አልሞተም፣ ልጅቷ ጥርሷን አሟት ነው ልትል ነበር። ገብረሚካኤል ቀደማት።

«እንግዲህ ሰማሽ» አላት መሬት ወድቆ የሚያወራውን ስልክ እያየ፣ በቀስታ። «በስልክ መስማትሽ ነው የከፋኝ። በወጉ ልናረዳሽ የሚገባን እኛ ነበርን። ረዳቱ ሙዓዊያ በእጁ ቀብሮት ከመጣ ቆየ፤ ከረመዳን በፊት ነው። አንቺን ፈርተን ይዘነው ከረምን፣ አሰፋች። ማን ደፍሮ ይንገርሽ?»

የአሰፋች እጅ እንደተነሳ ቀረ። ትህትና ዋይታዋን አቋርጣ ቀና አለች። ስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ ብቻ ኔትወርኩ ተቋረጠ እንዴ፣ ትሰሙኛላችሁ እያለ ይጠይቃል። ገብረሚካኤል ስልኩን እንደገና አየ፣ ከዚያ የአሰፋችን ፊት አየ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እስካሁን ማንም እንዳልነገራት፣ መርዶውን ያረዳትም ራሱ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ።

«በምን ገነዘው?» አለች አሰፋች።

ከመሬት የመለሰችላት ዘሐራ ናት። ሙዓዊያ የራሱን ጥምጣም ፈትቶ ነው የገነዘው አለቻት፤ ነጭ ነበር፣ ንጹሕ ነበር ብሏል።

አሰፋች አንገቷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ታጠቀች። ከዚያም ተንበርክካ፣ ዓመት ሙሉ ከአፏ ደህና ቃል ያልወጣላትን የልጇን ሚስት ሻርፕ ከመሬት አነሳችና በወገቧ አዙራ አጥብቃ አሰረችላት።