የአምባሳደር ወንዳፍራሽ ስንብት

ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ሰበብ የቡራዩ መንገድ ነጋ ጠባ በድንጋይ በሚዘጋበት ሰሞን አምባሳደር ወንዳፍራሽ ጡረታ ወጡ። የቋመጡለት የአማካሪነት ወንበርም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ሰሙ።

በዚያው ማክሰኞ ማታ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ የስንብት ኢሜይል በስልካቸው ጻፉ። ዕድሜ ልካቸውን የዋጡትን ሁሉ ተፉት። «አለቃችን ብዙነህ ከፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቀው የውስኪ ስም ብቻ ነው። ውባንቺ የተሾመችው በማጨብጨብ ነው። ‹ገበሬው ፕላኑን በእልልታ ተቀብሎታል› ብለን ለውጭው ዓለም ስንጽፍ፣ የሚቃጠል ጎማ እኔ ሳሎን ድረስ ይሸታል።»

ሳሎኑ የተሠራው ዘበኛቸው ኦቦ ዱቤ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ መሆኑን አልጻፉም። «ላክ» የሚለውን ተጫኑና እፎይ ብለው ተኙ።

የመለሰላቸው ሰው የለም። መጀመሪያ «ፈሪ ሁላ» ብለው ናቁ። እያደር ግን ዝምታው ከበዳቸው፤ ሰው በትንሽ በትልቁ የሚታፈስበት ጊዜ ነው። ባለቤታቸው አረጋሽ ሹራብና የደም ግፊት መድኃኒት በሻንጣ አዘጋጀችላቸው። ኦቦ ዱቤ ፌስቡክ እምቢ አለኝ ብለው ስልካቸውን ቢያመጡ፣ አምባሳደሩ በዚህ ዕድሜ ምን ፌስቡክ ያስፈልጋል ብለው መለሷቸው።

እሑድ ረፋድ ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በሩ ላይ ቆመ። አምባሳደሩ ሻንጣቸውን አንስተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወጡ።

ብዙነህና ውባንቺ ጋቢ ይዘው ነበር። አለበሷቸው። ብዙነህ መንገድ ተዘግቶባቸው በመዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቀና የአማካሪነቱ ሹመት ለእሳቸው መጽደቁን አበሠራቸው።

አምባሳደሩ በልባቸው ሳቁ። ለካ እነዚህ ሰዎች የሚያከብሩት የሚሰድባቸውን ነው። ምነው ቀደም ብዬ በሰደብኳቸው አሉ ለራሳቸው።

«መቼም ጽሑፌን አንብባችሁታል» አሉ እየጎረሩ።

«የቱን ጽሑፍ?» አለች ውባንቺ። «ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ኢንተርኔት ተቋርጦ ምን የሚነበብ ነገር አለ፣ አምባሳደር?»

የአምባሳደሩ ፊት አመድ መሰለ። ቶሎ ብለው ግን ፈገግ አሉ።

«የስንብት መልእክት ነበር። ስለ እናንተ ደግነት ትንሽ ጫር ጫር አድርጌ ነው።»

ይህን ሲሉ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ፤ ወዲያው የብዙነህም ጮኸ።

«ኢንተርኔቱ ተለቀቀ መሰለኝ» አለች ውባንቺ ስልኳን እያወጣች፣ «ይኸው ገባልኝ፤ ጮክ ብዬ ላንብበው?»