የሙሉዬ አውራ ጣት

በቀለም የራሰው የሙሉዬ አውራ ጣት የካምፑ መምህር ጠረጴዛው ላይ ከዘረጋቸው ሁለት ወረቀቶች በላይ ቆመ። አንደኛው ልጇን ገሠሠን ለሕክምና ትምህርት ካርቱም የሚያስገባ ነው፤ ሌላው መደኒ ወዳለ የግብርና ኮሌጅ። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የፈለጉት ለሩጫው ነበር፤ ሱዳን ባለው የሾዋክ የስደተኞች ካምፕ እሱን የሚቀድም ሯጭ አልተገኘም።

«እት ሙሉዬ፣ ካርቱም ይሻላል» አለ ዐረብኛውን የሚያነብላት ጋረደው። «የሐኪም እናት ትሆኛለሽ።»

«የአንተው ልጅስ የት ሊገባ ነው?»

«መደኒ። ገሠሠ ከመጣበትማ መቼም በሩጫ አንደኛ አይወጣ» ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

አምና፣ የማሽላ ራሽን፣ ዱራው፣ ሲታደል፣ የስም ዝርዝሩን የያዘው እሱ ነበር። «ለምትሞት ልጅ ዱራ አይሰፈርም» ብሎ የጨቅላ ልጇን ስም ሰረዘው። ልጅቱ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆየች።

«እንግዲያው ልጅህ ኮሌጁን እስኪጨርስ የልጄን ጀርባ ሲያይ ይኑር!» አለችና ጣቷን መደኒ ላይ ተጫነች። ጋረደው አንገቱን ደፋ። ሙሉዬም እስክትጠግብ አየችው።

ከኋላዋ ቆሞ የነበረው ገሠሠ ግን በሩ ላይ ቆሞ ወደሚጠብቀው ወደ ጋረደው ልጅ ዘለለ። «መደኒ! አብረን ነን፣ አንተ ቀርፋፋ!» ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው እየተሳሳቁ ወጡ።

ሙሉዬ እጇን ወደ ካርቱሙ ወረቀት ሰደደች። መምህሩ «ይኼ እንግዲህ አያስፈልግም» ብሎ ቀዶት ነበር።