ምሰሶው ላይ የተቀመጠው ብርጭቆ

ግንበኛውና የእህቱ ባል ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል። ያም ሆኖ ለእህቱ ሲል፣ ለዚያ የመጨረሻውን ቃል ለሰው ትቶ ለማያውቅ ባሏ የቴሌስኮፕ ምሰሶ ጓሮ ካለችው ክፍል ውስጥ ሠራለት። የአርማታው ምሰሶ ከመሬት ሥር ተነስቶ ለብቻው የቆመ ነው፤ የሰው እርምጃ እንዳያናውጠው ከክፍሉ ወለል ጋር የትም አይነካካም።

ግንበኛው የቴሌስኮፑን መቀመጫ ምሰሶው አናት ላይ በቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረና ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አስቀመጠበት።

"በል ርገጥ! ውሃው ከተነቃነቀ እኔ ግንበኛ አይደለሁም።"

"ድሮስ መቼ ነበርክ?" አለ ባልየው። ወለሉን በተረከዙ ሦስቴ ደለቀው። መስኮቱ ተንቀጫቀጨ፤ ውሃው ግን ፍንክች አላለም።

ግንበኛው ሊስቅበት ሲል ውሃው ሦስቴ ተርገበገበ።

"አየኸው የእጅህን ሥራ!" ባልየው ፊቱ በራ።

"አንተ ካቆምክ በኋላ እኮ ነው የተነቃነቀው! ደግሞ ምሰሶው ወለሉን አይነካም። የሚነካው ታች ያለውን አፈር ብቻ ነው።"

"ጉድህን አትሸፋፍን!" ባልየው አንዴ ብቻ፣ በኃይል ረገጠ። ውሃው ዝም አለ። ቆየት ብሎ አንዴ ብቻ ተናወጠ፤ በዚህኛው ግን ከብርጭቆው አፍ ፈሰሰ።

ግንበኛው ወደ በሩ አፈገፈገ።

"ተው፣ በእህቴ ሞት፣ ከታች ላለው አትመልስለት!"

ባልየው ጥርሱን ነክሶ እግሩን አነሳ። ገና ሳያሳርፈው ብርጭቆው ከምሰሶው ላይ ዘሎ ተፈጠፈጠ።