የልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ዓይን

ልብስ ሰፊዋ መርፌ ላይ ክር መሰካት አቅቷት ነበር። ክሩን ቀዳዳው ውስጥ የከተተች ሲመስላት፣ ክሩ በመርፌው ጎን አልፎ አየር ይወጋል። አንድ ዓይን ብቻውን ቅርብና ሩቁን አይለይላትማ! የሁለተኛው ዓይኗ ሞራም ካልተገፈፈ የስፌት መኪናዋ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይን የሠራላት ረዳት ሐኪሙ ነው፤ ያ ድምፁ የማይሰማ ልጅ። ጥናቱ ግን የትልቁ ዶክተር ነው። ሞራ የሚገፈፍበትን አዲስ መንገድ የሚፈትሹበት ጥናት ነው አሉ። ሕጉም ይኸው፦ በታከመው ዓይኑ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ያነበበ፣ ሁለተኛው በነፃ ይሠራለታል፤ ያላነበበ ይሰናበታል። ለምን በሉኛ! ያላነበበ ሰው ለትልቁ ዶክተር ጥናት አያምርም።

ሰሌዳው ፊደል ላልቆጠረ ሰው የተሠራ ነው። ሦስት እግር ያላት ምልክት ተደርድራበታለች፤ እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ መናገር ነው። ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ልብስ ሰፊዋ ሞራ ጋርዷት ስለኖረ ይህን ሰሌዳ አንድም ቀን በቅጡ አይታው አታውቅም።

ያን ቀን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሆስፒታሉ ሲታጠብ ሲወለወል ነው የደረሱት። ልጇ ክንዷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«እማ፣ እኔ ከሩቅ ማየትሽን እጠራጠራለሁ። ትናንት የጎረቤትን ፍየል ውሻ ብለሽ አላባረርሽም?»

«ፍየሏ ናት ውሻ የምትመስለው!»

«ሰሌዳውንም እንዲህ በዪውና ጉዳችን ይፈላል።»

ነርሷ ከበሩ ላይ ተጣራች። ልጅቷ ውጭ ቀረች፤ ትልቁ ዶክተር ዘመድ አዝማድ ተከትሎ ሲገባበት አይወድም።

ገባች። ዶክተሩ መጠቆሚያ ዘንጉን ይዞ ግድግዳው አጠገብ ቆሟል። ኩራቱን ብታዩት! ሰው ሲያናግር እንኳ ፊት አያይም፤ ከጆሮዋ በላይ አሻግሮ ነው የሚያወራት። አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ ምኗ ይታያል? የጥቁር ኮቱን እጅጌ ነጭ ነገር ነክቶታል፤ ሙያዋ ነውና ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ለእንዲህ ያለ ሰው ማን አፉን ያበላሻል!

«ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ። ከላይ ጀምሪ» አለና በዘንጉ ወደ ግድግዳው ጠቆመ።

«ምኑን ልጀምር?»

«ሰሌዳውን ነዋ! ቀሚስ እንድትጀምሪ የጠራሁሽ መሰለሽ?»

አፈጠጠች። አንገቷን አሰገገች። ዓይኗን ጨፍና ደግማ ገለጠች።

«ዶክተር፣ እኔ የማየው ግድግዳ ብቻ ነው።»

ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። «ግድግዳ! ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያነበንበው የዋለውን አንቺ ግድግዳ አልሽው? በዚህ ዓይንሽ ነው የሰው ጨርቅ የምትቆርጪው? ደንበኞችሽን እግዜር ይሁናቸው!»

ልቧ ስንጥቅ አለ። ዳነ ያለችው ዓይኗ ተመልሶ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሁለተኛውን ማን ይነካላታል?

«ውጪና ዓይንሽን አሳርፊ። ተመልሰሽ ካላነበብሽ ትሰረዣለሽ። ጥናቴን በአንቺ ቢጤ አላስበላሽም።»

ኮሪደሩ ላይ ልጇ ፊቷን አየችና «አላልኩሽም?» አለች። እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ብቻ ጠረገች።

ከጎናቸው አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ተቀምጧል፤ ሰፈሩ ሁሉ ነገረኛው ይለዋል፤ ከእሷ በፊት ዶክተሩ ዘንድ ገብቶ የወጣ ነው።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ሰሌዳው አልታይ አለኝ።»

«ታዲያ ማን እይው አለሽ? አትዪው፣ በዪው! እዚህ ቤት ገብቶ የወጣ ሁሉ ለተረኛው ያቀብላል። እኔም ከፊቴ ከነበረው ሰውዬ ነው የተቀበልኩት። “ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ…”»

«ማታለል አይሆንም?»

«ወይ አንቺ! ይሄ ሰውዬ ፊትሽን አያይ፣ ስምሽን አይጠይቅ። የሚፈልገው መልስ ነው። መልሱን ስጪውና ዓይንሽን ውሰጂ!»

«እማ፣ በሞቴ» አለች ልጇም።

እሺ አለች፤ ምን ታድርግ! ላይ ያለውን አንገትጌ፣ ታች ያለውን ጠርዝ፣ ቀኝና ግራውን እጅጌ እያለች፣ ልክ ደንበኛ እንደምትለካ አድርጋ ሸመደደችው። ነገረኛው አንድ ጊዜ አሳሳታትና አረማት፤ ሹፌር ሳለም መንገድ እንዲህ እያሳሳተ ነበር አሉ።

ተመልሳ ገባች። አሁንም ከነጭ ነገር በቀር አልታያት አለ። አፏን ግን ከፈተች።

«ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ…»

የዶክተሩ ዘንግ ከቃሏ ጋር ወረደ፣ ወጣ፣ ዞረ። አንድም ቦታ አላቋረጣት። ስትጨርስ ደረቱን ነፋ።

«አየሽ? እናንተን ካልተቆጧችሁ አታዩም! ቁጣዬ ዓይንሽን አበራልሽ። ነገ ጠዋት እንግዶቹ ፊት ሁለተኛውን ዓይንሽን የምሠራልሽ እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ! ያ ረዳቴ እጁን አጣጥፎ ይማር።»

ልብስ ሰፊዋ በማታለሏ አፍራ፣ በዕድሏ ደግሞ ደስ ብሏት፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። በሩን ልትከፍት ስትል አንድ ቀለም ቀቢ ትልቅ ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ቀድሟት ገባ።

«ዶክተር፣ ግድግዳው ደርቋል፤ ሰሌዳውን መልሼ ልስቀለው?»